በጋፋት መንገድ ግቢ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዝናሽ፣ ኩዌት

ሰላምታዬ እንደ ጉና ብርድ በር ሳያንኳኳ ይግባልሽ። እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም አልፌ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። እኔው ይሻው፣ የእናትሽ የአክስት ልጅ፣ የእህል መጋዘኑ ዘበኛ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ማታ ማታ የሚሰጠውን የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ዘንድሮ ጨርሻለሁ። መምህርት ብርቱካን «አያ ይሻው፣ እጅዎ እንደ ሞፈር ይከብዳል፣ ፊደልዎ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል» ብላኛለች። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛም እኔው ልወጣ ነበር፤ ለሰው ይተረፍ ብዬ ነው።

ስልክማ ማንም ይደውላል። እሱም ቢሆን ከሞተ ሰንብቷል፤ ኔትወርክ የሚሉት ነገር ከዚህ አገር ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል። ስለዚህ እኔ ጽፌ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ እዚያ የጎረቤታችን ልጅ ጽጌ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። የአንቺንም እንዲሁ በወረቀት አሳትማ በሹፌሩ ትሰድልኛለች።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። እናትሽ ከጉና ወርዳ እኔ ቤት ናት። ገብሱን ሳታሳጭድ፣ ድንቹን ሳታስቆፍር ጥላው ነው የመጣች። ወንድምሽ ሙላቴ በነሐሴ ባጃጁ ላይ ሰው ጭኖ በእብናት መንገድ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ይህን ታውቂያለሽ። መንገዱ ያን ሰሞን ተኩስ ነበረበት፤ ይህንንም ታውቂያለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ። እናትሽ ጠዋት ዱካ መቀመጫዋን ይዛ ደጄ ላይ ትቀመጥና ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ትነሳለች። ደብረ ታቦር ደግሞ ከባጃጅ ሌላ ምን ያልፍባታል? ስትነሳ ስትቀመጥ ይመሻል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ትንቀሳቀስ፣ ጨው ትቀንስ፣ አትጨነቅ አሉኝ። የመጨረሻው መድኃኒት ከየት እንደሚገዛ ግን አልነገሩኝም።

ምን ላድርጋት? የበኩር ልጇ አንቺ ነሽ፤ ከሰው ሁሉ ያንቺን ቃል ትሰማለች።

አጎትሽ ይሻው
(ፊርማዬን እይው። እንደ ድሮው የጣት አሻራ አይደለም።)


ኩዌት፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ይሻው

እንደምን ሰነበቱልኝ? ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ሰዉ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ደስ አለኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ለሳቁ፣ ቀጥሎ ለሌላው።

አያ ይሻው፣ ሙላቴ ይመጣል። መንገድ ተዘግቶበት የሆነ ቤት ተቀምጦ ነው። ስልክ በሌለበት በምን ያሳውቀን? እሱ እስኪመጣ እናቴ እንዳትወድቅብኝ ነው የምለምንዎ። ከዚያ በር ላይ ያንሱልኝ። እርስዎ ከተማውን ያውቁታል፤ ባጃጅ የማይገባበት ጸጥ ያለ መንገድ ፈልገው ጠዋት ጠዋት ያራምዱልኝ። ቤት ውስጥ ቀርቦላት እንደማትበላ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ተገዝቶ በእጇ ሲሰጣት ግን ሳይታወቃት ትበላለች፤ ገበያ ስንወርድ እንደዚያ ነበረች። የሚስማማትን እርስዎ ይምረጡላት። ደግሞ ያንን ስስ ነጠላዋን ተከናንባ እንደምትንቀጠቀጥ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ከልባሽ ተራ ወፍራም ካፖርት ይግዙላት፤ የሚሆን ገንዘብ በጽጌ በኩል ልኬያለሁ። አዲስ ልብስ ከሆነ ለክፉ ቀን ብላ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ልባሽ ከሆነ ትለብሰዋለች።

የሰው ወሬ ጆሮዋ እንዳይገባ አደራ።

ልጅዎ ዝናሽ


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝናሽ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ማርዘም እችልበት ነበር፤ ወረቀቱ ለዋናው ጉዳይ እንዳይጠበኝ ብዬ ነው።

ስለ መንገድ ከሆነ ትክክለኛው ሰው ጋ መጥተሻል። በዚህ ከተማ እግሬ ያልረገጠው ቦታ ቢኖር ቤተ መንግሥት ብቻ ነው፣ እሱም ስለሌለ ነው። በአስፋልቱ አይሆንም፣ ባጃጅ ነው። በገበያው አይሆንም፣ ያገኛት ሁሉ «ወሬ አለ ወይ?» ይላታል። እኔ የመረጥኩላት ወደ ጋፋት የሚወስደውን የእግር መንገድ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ወጥተሽ፣ ባሕር ዛፉን ይዘሽ፣ የስንዴውን ማሳ ዳር ዳሩን ነው። የሚያጋጥምሽ ውሃ የቀዱ ሴቶችና አህያ ነው። ሴቶቹ ተሸክመዋል፣ ለወሬ አይቆሙም፤ አህያም ወሬ አይጠይቅም። ጋፋት ስንደርስ መድፍ ስለተሠራበት ዘመን ላስረዳት ጀመርኩ፤ ከንባብ መጽሐፋችን ላይ ያገኘሁት ነበር። «አውቃለሁ ይሻው፣ ዝም ብለህ ሂድ» አለችኝ። ዝም ማለት ለእኔ ከጾም ይብሳል፤ ግን ጾምኩላት።

ምግቡን በተመለከተ ሳምቡሳ ተይው፣ ዘይቱ የአምና ነው። ቦንቦሊኖ ተይው፣ ቅዝቃዜ ሲነካው ጥርስ ያነቃንቃል። ጥሩው የጉና ድንች ነው። አልማዝ የምትባል ሴት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቀቅላ በአዋዜ ትሸጣለች። አዋዜው ይቅር አልኳት፣ ጨው ስላለበት።

«ድንች ያለ አዋዜ ለበሽተኛ ነው» አለችኝ።

«ለበሽተኛ ነው» አልኳት።

እናትሽ ልጣ አየችውና «ይሄ የኛ ተራራ አፈር ነው» ብላ በላች፤ ጨምሪልኝም አለች። እስከዚህ ድረስ ጀግና ነበርኩ።

የሚቀጥለውን ልዘለው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን በሰው አገር ላለ ሰው በወረቀት አይጻፍም፤ አጠገቡ ሰው ተቀምጦ ነው የሚነገር። ግን «ጻፍላት» ያለችኝ እናትሽ ናት።

ኢልያስ የሚባል የእብናት እህል ነጋዴ ወደ መጋዘኑ መጣ። የመንገዱን ነገር ስንጫወት፣ በነሐሴ ከመንገድ ዳር ወድቆ ያገኙትን አንድ ባለባጃጅ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ እንደቀበረው ነገረኝ። ወጣት ነው፣ ረዥም፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የሌለው። ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። «እኔ እስላም ነኝ፣ መስቀል አንገቱ ላይ አየሁና ገበሬዎቹን በናንተ ወግ ቅበሩት አልኳቸው፤ እኔ አፈሩን ቆፈርኩ» አለኝ። ኢልያስ ልጁ የእኔ ዘመድ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን በጆሮው አወቅሁት። እኔም ዝም ብዬ ሰምቼ፣ ለሽማግሌዎች ነግሬ፣ በወጉ ጎህ ሲቀድ መርዶውን እናስነግራለን ብዬ አሰብኩ። ዞር ስል እናትሽ ምሳዬን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። አልጮኸችም። ምሳዬን እግሬ ሥር አስቀመጠችና «ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችኝ።

ከርማ «ልባሽ ተራ ውሰደኝ» አለች። አንቺ ያልሽውን ካፖርት ልትገዛ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልባሽ ተራን እኔ ነኝ የማውቀው። ቦንዳው የሚፈታው በጠዋት ነው፤ ጥሩው ከሥር ነው የሚተኛ፤ ዚፑን ሳትስቢ አትክፈይ፤ ብብቱን ሳታሸቺ አትልበሺ። ሀዋ ጋ ወሰድኳት። ሀዋ ሐቀኛ ነጋዴ ናት፣ ምላሷ ብቻ ነው የሚቆርጥ።

«አያ ይሻው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያገቡ ነው የሚለብሱት?» አለችኝ።

«አንቺን፣ ባልሽ ከፈቀደ» አልኳት።

«እሱማ በደስታ ነው። እርስዎ ነዎት የሚጸጸቱ።»

እናትሽ የሴቱን ክምር አልፋ የወንዱን ትመርጥ ጀመር። የወጣት ሸሚዝ፣ ጂንስ ሱሪ፣ ሰማያዊ ጃኬት። እኔ ላይ እየለካች። ከሙላቴ ጋር ቁመታችን አንድ ነው፤ በመልክ ነው ትንሽ የምበልጠው። ጃኬቱን ለብሼ ዞርኩላት፣ ሀዋ «ወጣት ሆኑ» አለች፣ ሳቅን። እኔ ሞኙ፣ ተስፋ አድርጋ ልጄ ሲመጣ ይለብሰዋል ብላ ነው ብዬ ነበር።

«ጫማስ አናይለትም?» አልኳት።

«ጫማ ምን ያደርግለታል» አለች። «አልጋ ላይ ነው የሚዘረጋ።»

ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ እንደሚለቀስለት ላንቺ አልነግርሽም። የሙላቴ ልብስ ደግሞ የለም፤ የተከራያት ክፍል በተኩሱ ሰሞን ከነዕቃዋ ተቃጥላለች። እናትሽ የምትመርጠው ለለቅሶው ነው። ጃኬቱን ላወልቅ ብል ዚፑ እምቢ አለኝ፤ ቅድም ስሞክረው ደህና ነበር።

ሀዋ መጥታ ከፈተችልኝ። ጃኬቱን አጣጥፋ ከኋላዋ አስቀመጠችው። «እትየ፣ ይሄን አልሸጥልዎትም» አለቻት። «የለበሰው ሰው ዛሬ የሆነ አገር ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ይሆናል። በቁሙ ልናለቅስበት ነው?»

እናትሽ በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ አጣጠፈችው። «እውነትሽን ነው» አለች። «እሱም እናት ይኖረዋል።» መለሰችላት። ባዶ እጃችንን ወጣን። ካፖርቱም አልተገዛም።

አጎትሽ ይሻው


ኩዌት፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ይሻው

ደህና ነዎት?

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ጆሮው የተቆረጠ ሰው ስንት አለ። በቅሎ የነከሰችው የጉና ልጅ ሙላቴ ብቻ ነው? ነጋዴው ስም አልሰማ፣ ፎቶ አላየ። እዚህ ጎረቤት ቤት የምትሠራ ልጅ ወንድሟ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት፣ ተዝካሩ ተበልቶ፣ ከታሰረበት ወጥቶ መጣ። እናቱ ዛሬም ዓይኑን ማየት ታፍራለች። እኔ እናቴን እንደዚያ አላደርጋትም።

የለቅሶ አልጋ እንዳይወጣ። ያንቺን ቃል ትሰማለች ብለውኛል፤ እንግዲህ ቃሌ ይሄ ነው። ወንድሜ አለ። እርስዎን የጠየቅሁዎት በእግር እንዲያራምዷት፣ እንዲያበሏት፣ እንዲያለብሷት ብቻ ነበር። የጠየቅሁዎትን ያድርጉልኝ።

ቀልዱንም ይተውልኝ።

ዝናሽ


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝናሽ

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንዳዘዝሽው አልቀልድም።

ቃልሽን አነበብኩላት። «ድገመው» አለች፣ ደገምኩት። «እሺ፣ ዝናሽ ካላመነች አላለቅስም» አለች። አላለቀሰችም። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አሁን በር ላይ አትቀመጥም፤ ባጃጅ ሲያልፍም አትነሳም። በጋፋት መንገድ ስንሄድ ቀድማኝ ትሄዳለች፣ ቁና ቁና የምተነፍስ እኔ ነኝ። ድንቹን ስገዛላት ትይዘዋለች፤ ቤት ስንደርስ እንደያዘችው ነው።

ሰው ሊያጽናናት ይመጣል። «ልጅሽ ይመጣል» እንዳይላት የኢልያስን ነገር ሰምቷል። «ነፍስ ይማር» እንዳይላት አልተለቀሰም። ስለ በልግ ዝናብ አውርቶ ይሄዳል። ቄሱን ጠየቅኋቸው፤ ቤተ ሰቡ ሞቱን ሳይቀበል ፍትሐት አልፈታም አሉ። አንጀቷን የሚበላት ይህ ነው። «ልጄ በሰው አፈር፣ ሳይፈታ፣ ስሙ እንኳ ሳይጠራ» ትላለች፤ ለእኔም አይደለም የምትናገር፣ ለግድግዳው ነው።

መንገዱ ሲከፈት ለእናትሽ ሳልነግር ከኢልያስ ጋር ሄድኩ። ፎቶ አላየም ስላልሽኝ፣ ስም አልሰማም ስላልሽኝ ነው። የሙላቴን ፎቶ ለገበሬዎቹ አሳየሁ። አንዱ እሱ ነው አለ፣ ሌላው ፊቱን አላስታውስም አለ። ይህን ይዤ ልመለስ ስል «ባጃጇስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ወደ ገደሉ ገፍተዋታል። ወረድኩ። ተቃጥላ ብረቷ ቀርቷል፤ ከኋላዋ ያለው ቆርቆሮ ግን ግማሹ ከእሳት ተርፏል፤ ጭቃ ለብሷል። በእጄ ጠረግሁት። በቀይ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለበት። ፊደል በመቁጠሬ ስኮራ ከርሜ ነበር፤ ያን ቀን ባላውቀው ብዬ ተመኘሁ። «ዝናሽ ኑሪልኝ» ይላል።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። እሷ ማስረጃ አልጠየቀችኝም።

አንድ ነገር ብላኛለች። የሙላቴ ልብስ በዓለም ላይ አንድ ተርፏል፣ እሱም ዝናሽ ጋ ነው አለች። ስትሄጂ መናኸሪያው ላይ በርዶሽ አውልቆ የሰጠሽ አረንጓዴ የተማሪ ሹራብ። ትላክልኝ አላለችም። «አላት» ብቻ ነው ያለች። እኔም ላኪ አልልሽም።

አጎትሽ ይሻው


ኩዌት፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ይሻው

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ፤ ቢያልፍም። ይህን ያህል በመቆየቴ አይቀየሙኝ።

ሹራቡን ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ ጎንደር ለምትመለስ ሴት ሰጥቻታለሁ፤ ባሕር ዳር ለጽጌ ታደርሰዋለች። አላጠብኩትም። የምተኛበት ክፍል ኤሲው ስለሚበረታ እለብሰው ነበር።

እንዲያ ብሎ መጻፉን አላውቅም ነበር። ባጃጇን የገዛን ጊዜ ፎቶዋን ሲልክልኝ ሁሌ ከፊት ለፊት ነበር የሚያነሳት። ከኋላ አሳይቶኝ አያውቅም።

እኔን አትጠብቁ። ፍትሐቱን ያስፈቱለት፣ አልጋውም ይውጣ። ዝናሽ ቃሏን አንስታለች ብለው ይንገሯት።

እዚህ ማልቀስ አይቻልም። ዕቃ ሳጥብ መጣብኝና ማዳም ልጆቹን ታስደነግጫቸዋለሽ አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ። ግን ድምፄን ዋጥኩት፤ እስከዛሬ እዚያው ነው።

በሰኔ መጨረሻ ኮንትራቴ ያልቃል፣ እመጣለሁ። ሰው ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ የሚመጣ በየት በኩል ነው የሚገባ? ምን ይለብሳል? ከተማው ጠፍቶብኛል። እንደ ልማድዎ ይንገሩኝ። ቀልድም ቢኖረው አልቆጣም።

ልጅዎ ዝናሽ


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዝናሽ

ሰላምታዬ እስክትመጪ ከጎንሽ ይቀመጥ።

ሹራቡ ደረሰ፤ አልጋውም ወጣ። ከጉናም ከከተማም ሰው መጣ። ባለባጃጆቹ ከታችኛው መንገድ ጀምረው ሞተር አጥፍተው እየገፉ ገቡ፤ ይህን ያዘዛቸው ሰው የለም። ኢልያስ ከእብናት መጥቶ ከወንዶቹ ጋር ቆመ። እናትሽ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ቀድሞ እሱ ጎንበስ አለ። ሀዋም ከነሴቶቿ መጥታ በጓዳ በኩል እንጨትና ውሃ ስታቀርብ ዋለች። ቄሱ ፈቱለት፤ የክርስትና ስሙ ተጠራ።

እናትሽ ሹራቡን ከመዘርጋቷ በፊት ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው። «ይሄማ ዝናሽ ዝናሽ ይላል» አለች። የእሱ ጠረን ለቆታል። ድምፅ ያወጣችው ያን ጊዜ ነው። የሁለታችሁንም ስም እየጠራች ነበር። ሴቶቹ «ዝናሽ አለች፣ በቁሟ አታልቅሽባት» ቢሏት አልሰማች። ደክሟት እስክትተኛ ተዉአት አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ትበላለች፤ ጥቂት ነው፣ ግን ትበላለች። ቀልድ ፈቅደሽልኝ ነበር። ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። መናኸሪያ ድረስ አትምጪ። ባጃጅ ተራው እዚያ ነው፤ ሁሉም ጓደኞቹ ናቸው፣ በመልክ ያውቁሻል፤ ገና ስትወርጂ ለቅሶውን ይጀምሩትና መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ። ከከተማው መግቢያ ውረጂ፤ እኔ እዚያ እቆማለሁ። ሻንጣሽን ለሹፌሩ ተይለት፣ በኋላ ሄጄ አመጣዋለሁ። ሻንጣ እየጎተተ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ከሰርግ የመጣ ይመስላል። በጋፋት መንገድ ዞረን ነው የምንገባ። ይረዝማል፣ ዝናቡም ስለገባ ጭቃ ነው፤ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳታደርጊ።

ጥቁር ልብስ ከዚያ ገዝተሽ አትምጪ። ሀዋ ከቦንዳ ያወጣችው ጥቁር ቀሚስ አለ፤ እናትሽ በራሷ ላይ ለክታ በልክሽ ነው ብላለች። ዚፑን ስቤዋለሁ፣ ብብቱንም አሽትቼዋለሁ። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ትቀይሪያለሽ፤ እኔ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ።

ከአልማዝ ድንች ገዝቼ በጨርቅ ጠቅልዬ እይዝልሻለሁ። ባይበላልሽም ብይው። ቤት ከገባሽ በኋላ እስኪመሽ እህል የሚሰጥሽ አታገኚም፤ ባዶ ሆድ ይዘሽ ከእናትሽ ጋር ብትያያዢ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ፣ እኔ ደግሞ አንዳችሁን ነው ማንሳት የምችል።

መንገዱ ላይ አታልቅሺ። ድምፅሽን ከሩቅ ከሰማች ወደ ውጭ ትሮጣለች፤ ግፊቱ አለባት፣ ጭቃው አለ። እስካሁን ይዘሽዋል፣ ያቺን ታህል ጨምረሽ ያዢው። ደጃፉ ላይ ቁሚልኝ፤ ቀድሜ እኔ እገባና ከጎኗ እቆማለሁ። እጇን ስይዝ ታዪኛለሽ። ከዚያ ወዲያ አትያዢው።

አጎትሽ ይሻው